ያረጀ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ፦ ይጠገን፣ ይላጥ ወይስ ይሸፈን?

እናቴ ቤት ከሻወሩ ሥር የነበሩት ስድስት ሴራሚኮች የወደቁት ሌሊት ነበር። ቤቱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ግድግዳው አንድ ክንድ የሚወፍር የድንጋይ ቤት ነው። ጠዋት ስብርባሪውን ስለቅም አንዱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ማጣበቂያው ከሴራሚኩ ጋር እንደተያያዘ ነው፤ ከማጣበቂያው ጀርባ አሮጌው አረንጓዴ ዘይት ቀለም አለ፤ ከቀለሙ ጀርባ ደግሞ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚረግፍ ልስን። ሴራሚኩ ጥፋት አልነበረበትም፤ ማጣበቂያውም የተከፈለበትን ሠርቷል። የከዳን ግድግዳው ነው። እኛ ደግሞ ለሴራሚኩ ቀለም ምርጫ ሦስት ቅዳሜ ገበያ ስንዞር ለግድግዳው ሩብ ሰዓት እንኳ አልሰጠነውም ነበር። ሠራተኛው እናቴን «እማማ፣ ይሄ ይይዛል» አላት፤ አመነችው፤ እኔም አብሬ አመንኩ።

ስለዚህ ይህ ንጽጽር ሴራሚክን ከሴራሚክ አያወዳድርም። የሚያወዳድረው ከበስተጀርባው የሚሆነውን ነው፦ ያረጀውን ግድግዳ ለማዘጋጀት ያሉትን መንገዶች፣ ሁለቱን የመለጠፊያ ዓይነቶችና የውሃ መከላከያውን። የጻፍኩት ለድሬዳዋ ቤት፣ ለድሬዳዋ ሙቀትና ለድሬዳዋ ውሃ ነው። ሐረር ላለ አንባቢም አብዛኛው ይሠራል። ጀጎል ውስጥ ላለ ቤት ግን ሌላ ነገር ይቀድማል፤ ግንቡ ከነቤቶቹ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ መዶሻ ከማንሳት በፊት ቅርሱን የሚጠብቀውን መሥሪያ ቤት ማነጋገር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ግድግዳው ራሱ ይናገር

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በከዚራ ከቆሙት የቀድሞ ቤቶች ብዙዎቹ በድንጋይ የተሠሩ ናቸው። የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚሁ ከተማችን የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የተገነባ ግድግዳ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ ወይም ጭቃ መሆኑ ያመዝናል፤ ሲሚንቶ ቢገኝበትም በኋላ በጥገና የገባ ይሆናል። ሳቢያንን በመሳሰሉ ከዚያ ወዲህ በሰፉ ሰፈሮች የሚበዛው ብሎኬት ነው። ከእነዚህ ሌላ በእንጨትና በጭቃ ቆሞ በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት በየመንደሩ አለ። ሦስቱም ልስን ከለበሱና ቀለም ከተቀቡ በኋላ አንድ ይመስላሉ፤ ሴራሚክ ሊሸከሙ የሚችሉት ግን እኩል አይደለም።

የመዶሻ እጀታ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም ይያዙና ግድግዳውን በየስንዝሩ ያንኳኩት። ከሥሩ ጋር የተያያዘ ልስን ጥቅ ጥቅ ይላል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ ሳጥን ዱብ ዱብ ይላል። ባዶ የሚጮኸውን በጠመኔ ያክብቡ። ግድግዳውን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ወደ ኋላ ቆመው ይመልከቱት፤ ጠመኔው ራሱ ካርታ ይሠራል። ጥገናውን በተመለከተ ከማንም ሠራተኛ ምክር የሚበልጠው ይህ ካርታ ነው። ክቡ ከቧንቧው ዙሪያ ብቻ ከተሰበሰበ አንድ ነገር ነው፤ ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት በአንድ መስመር ከሄደ ሌላ ነው፤ እዚህም እዚያም ከተበተነ ልስኑ በሙሉ ዕድሜውን ጨርሷል።

ቀጥሎ በምስማር ይጫሩት። ምስማሩ ቀጭን ጭረት ብቻ ትቶ ካለፈ ደህና ነው፤ ቦይ ከቆፈረና አቧራ ከረገፈ ሴራሚክ አይሸከምም። ከዚያ ውሃ ይርጩበት። ጠብታው ቅባት ላይ እንዳለ ከተንከባለለ ዘይት ቀለም ወይም ለዓመታት የተጋገረ የሳሙና ቅባት አለ ማለት ነው፤ ማንኛውም ማጣበቂያ በዚያ ላይ እንግዳ ነው።

የመጨረሻው ፈተና የእርጥበት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ግልጽ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉና ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ሻወሩን ሳይጠቀሙ ይተዉት። ጤዛው ከላስቲኩ በስተጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውሃው የሚመጣው ከውስጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ገበያ መሄዱ ይቆይ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ይዩ፤ ማንም ሳይጠቀም የሚዞር ከሆነ ሌባው ግድግዳው ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቆጣሪው ላያሳይ ይችላልና ሮቶውን ሞልተው፣ ማታ ከፍታውን ምልክት አድርገው፣ ጠዋት ያነጻጽሩ። የዛገ የብረት ቧንቧ ካለ ግድግዳው ክፍት ሳለ ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ መቀየርና ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ግፊት ይዞ ማሳደር ይገባል። ይህን ሳያደርጉ የሚገዙት ሴራሚክ ሁለተኛ ጊዜ የሚገዙት ሴራሚክ ነው።

ጠግኖ መለጠፍ

ርካሹና ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ባዶ የሚጮኸው ብቻ ተፈንቅሎ ይወጣል፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ የቀረው ልስን በመሮ ይነቆራል፣ ከዚያ ይለጠፋል። ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ፣ እርጥበት ሳይኖረው፣ የተከበበው ከጠቅላላው ሢሶ ካልበለጠ ይህን እመርጣለሁ። ሢሶ የሚለው የእኔ ልክ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ግን ደህና የመሰለው ልስንም ሲነቆር አብሮ መልቀቅ ይጀምራል፤ ሠራተኛውም ለአንድ ቀን የተዋዋለውን ሥራ ሦስት ቀን ይይዘዋል።

ጠግኖ መለጠፍ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዘይት ቀለሙን ሳያነሱ መሄድ ነው፤ የእኛ ጥፋት ይኸው ነበር። ቀለሙ በግራይንደር መፋቅ አለበት፤ ካልሆነም በየሁለት ጣት ርቀት እስከ ልስኑ ድረስ ተነቁሮ፣ በብረት ብሩሽ ተፍቆ፣ አቧራው ታጥቦ ማያያዣ ፈሳሽ ይቀባል። ማያያዣ ሲባል የአናጺ ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥነው የሚቀቡ አሉ። ኮላው ደርቆ ሳለ ጠንካራ ይመስላል፤ እርጥበት ሲያገኘው ግን መልሶ ይለሰልሳል። ለሻወር ግድግዳ የሚሆነው በሲሚንቶ ውስጥ ለመግባት የተሠራ፣ ውሃ የማይፈታው ላቴክስ ነው።

ሁለተኛው ጀሶ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጀሶ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል፣ ለስላሳ ነው፣ ለእጅም ይመቻል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ለመሙላት ሠራተኛው መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። በሳሎን ግድግዳ ላይ ምንም አልልም። በሻወር ግን ሁለት ጠላት አለው። ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው በጀሶ ውስጥ ያለው ሰልፌት እርጥበት ባለበት ከሲሚንቶ ጋር ተዋሕዶ እየፋፋ የሚያድግ መርፌ መሰል ክሪስታል መፍጠሩን ነው፤ ይህ ነገር በማጣበቂያውና በጀሶው መካከል እያደገ ሁለቱን ያላቅቃል። ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው ወድቆ የማጣበቂያው ጀርባ ንጹሕ ሆኖ ቢያገኙት፣ ግድግዳውም ነጭ ዱቄት ቢያሳይ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል። ክብደቱም አለ። የጀሶ ልስን በአንድ ካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ በላይ እንዲሸከም አይመከርም። 8 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የግድግዳ ሴራሚክ በካሬ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ፖርሴሊን የሚባለው ጠጣር ሴራሚክ ደግሞ በ10 ሚሊ ሜትር ውፍረት 23 ኪሎ ገደማ፤ ማጣበቂያው አምስት ኪሎ ሲጨመርበት ሴራሚኩ እንኳ ከልኩ ያልፋል። ግድግዳዎ አስቀድሞ በጀሶ ተለስኖ ከሆነ በሻወሩ ዙሪያ እስከ ሲሚንቶው ድረስ ተፍቆ መውጣት አለበት። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

እስከ አጥንቱ ልጦ እንደገና መለሰን

ውድ፣ አቧራማና አድካሚ ነው፤ ነገር ግን የተበተነ ካርታ ላለው ግድግዳ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። መጠኑን ለመገመት 1.8 በ1.5 ሜትር የሆነ መታጠቢያ ቤት እንውሰድ። እስከ 2 ሜትር ከፍታ ቢለጠፍ፣ በሩ ሲቀነስ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ አለው። ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚወፍር አሮጌ ልስን ከዚህ ላይ ሲነሳ አምስት ኩንታል የሚጠጋ ፍርስራሽ ይወጣል። ከዋጋ ስምምነት በፊት ይህን የሚያወጣውና የሚያስጭነው ማን እንደሆነ ይነጋገሩ፤ ሠራተኛው ልጦ ይሄድና ክምሩ በረንዳ ላይ ይቀራል። ደቻቱ ውስጥ መድፋት መፍትሔ አይደለም፤ ያ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ መስሎ ቆይቶ ጎርፍ ሆኖ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ከተማው በ1998 ዓ.ም. ክረምት አይቷል።

አዲሱ ልስን በአንድ ጊዜ አይመታም። መጀመሪያ ግድግዳው ይረጥባል፤ ቀጥሎ ቀጠን ያለ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ በኃይል ተረጭቶ ሸካራ ሆኖ ይደርቃል፤ ከዚያ ዋናው ልስን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር እየሆነ ይመታል። ብሎኬት ላይ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ይበቃል። ለ12 ካሬው አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ማለትም ሁለት ከረጢት ያስፈልጋል፤ የሚባክነውን ጨምሮ ግማሽ ከረጢት መጠባበቂያ ይያዙ።

የከዚራን የኖራ ግድግዳ ግን በዚህ ድብልቅ መምታት ስሕተት ነው። የኖራ ግድግዳ ለስላሳ ነው፤ እርጥበቱንም በራሱ ውስጥ እያሳለፈ ይተነፍሳል። ጠንካራ የሲሚንቶ ልስን ላዩ ላይ ሲጣበቅ እርጥበቱ ከበስተጀርባ ይታሰራል፣ ጨው ይዞ ይመጣል፣ በመጨረሻም ልስኑ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙን አንስቶ ይለያል። ለእንዲህ ዓይነቱ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ ስድስት እጅ አሸዋ ይሻላል። ሴራሚክ ራሱ ትንፋሽ የሚዘጋ ስለሆነ ደግሞ ክፍሉን ሁሉ ከማልበስ ውሃ የሚመታውን ጥግ ብቻ ለብሶ የቀረውን በኖራ ቀለም መተው ነው የምመክረው። ጎረቤት «ገንዘብ አለቀባቸው» ቢል ይበል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ዋጋ ጊዜ ነው። ልስኑ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት፣ ከዚያ በኋላም ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ ሲደርቅ ይሸመቀቃልና መሸምቀቁን ሳይጨርስ የተለጠፈበት ሴራሚክ ይጎተታል። የድሬዳዋ ሙቀት ይህን ያፋጥንልኛል ብሎ የሚያስብ አለ። ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ሲሚንቶው ሳይጠቀምበት ይነጥቁታል፣ ልስኑም እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ጠዋት በማለዳ ማስመታት፣ ከዚያ እርጥብ ጆንያ መስቀልና በቀን ሦስቴ መርጨት ያስፈልጋል። ውሃ የሚጠፋበትን ሳምንት ካወቁ ሥራውን ከእሱ ያርቁ ወይም ሁለት በርሜል አስቀድመው ይሙሉ።

ስለ አሸዋውም አንድ ነገር። የወንዝ አሸዋ ብዙ ጊዜ ደለል ይዞ ይመጣል። ጭነቱ ከመራገፉ በፊት ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሽ አሸዋ ጨምረው፣ ውሃ ሞልተው፣ አናውጠው ይተዉት። አሸዋው ወዲያው ሲዘቅጥ ጭቃው ቀስ ብሎ ከላዩ ይተኛል። የጭቃው ንብርብር ከመቶ 6 እጅ ካለፈ ታጥቦ ካልሆነ አይጠቀሙበት። ይህ ልክ የአገራችን የአሸዋ ደረጃ የሚለው ነው። ባለ መኪናው ሊቆጣ ይችላል፤ ጠርሙሱ ግን አይዋሽም።

መሸፈን፦ ቦርድ ወይም ቀጭን ብሎኬት

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ከላይ ያሉት ሁለቱም አይሆኑም። በጭቃ ላይ የዶሮ ሽቦ መትቶ፣ በሲሚንቶ ለስኖ ሴራሚክ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ጥቂት ዓመት የቆየም አይቻለሁ። አንድ ጊዜ በስንጥቅ ውሃ ከገባ ግን ጭቃው ከውስጥ ይሟሟል፣ ሽቦው ይዝጋል፣ ከውጭ ሲያዩት ምንም የሌለበት ግድግዳ አንድ ቀን ሆዱን ነፍቶ ይገኛል። የተሻለው ክብደቱን ጭቃው ላይ አለመጣል ነው።

አንዱ መንገድ 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት በራሱ መሠረት ላይ ከጭቃው ፊት መገንባት ነው። አስተማማኝ ነው፤ ሠራተኛ በቀላሉ ይገኝለታል። ነገር ግን ከነልስኑ በየጎኑ 12 ሳንቲ ሜትር ይበላል፤ 1.5 ሜትር የነበረ ስፋት በሁለቱም በኩል ቢሠራ 1.26 ይቀራል፤ ባልዲ ይዞ የሚዞር ሰው ክርኑ ይነግረዋል።

ሌላው በብረት ቋሚዎች ላይ የሚታሰር የፋይበር ሲሚንቶ ቦርድ ነው። ከነቋሚው ከብሎኬቱ ያነሰ ቦታ ይይዛል፣ ክፍሉን በውሃና በአሸዋ አያጨማልቅም፣ በማግስቱም መለጠፍ ይቻላል። ለ12 ካሬው 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ አምስት ቦርድ ይበቃል። ቋሚዎቹ በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ብሎኖቹ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይሁኑ፤ በቦርዶቹ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቀርቶ በመረብ ፕላስተርና በማጣበቂያ ይሞላል፤ የታችኛው ጠርዝ ወለሉን አይነካም። ቋሚው እንጨት ይሁን የሚል ምክር ቢመጣ ምስጡን ያስታውሱ። ሱቅ ውስጥ ደግሞ አረንጓዴውን የጂፕሰም ቦርድ «ይህም የሻወር ነው» ብለው ሊሸጡ ይችላሉ፤ እሱ የሚችለው የአየር እርጥበትን እንጂ በቀጥታ የሚወርድ ውሃን አይደለም። መለየቱ ቀላል ነው፤ ጠርዙን ይዩ፤ ወረቀት የለበሰ ነጭ ልብ ካለው ጂፕሰም ነው፤ ዳር እስከ ዳር ግራጫ ከሆነ ሲሚንቶ ነው።

የቦርዱ ጉዳቱ ዋጋውና ሠራተኛው ናቸው። ዕቃው በእጅ ላይ መኖሩን ሳያረጋግጡ ልስን አይላጡ፤ ከዚህ በፊት ቦርድ አስሮ የሚያውቅ ሰው ከሌለም ለብሎኬቱ ያድሉ። ሳይለካና ሳይጠብቅ የታሰረ ቦርድ ሲገፉት ይነቃነቃል፤ ሴራሚክ ደግሞ መነቃነቅን አይወድም።

በአሮጌ ሴራሚክ ላይ አዲስ መለጠፍስ? ይቻላል። አሮጌው ሲንኳኳ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቅ ጥቅ ካለ፣ ቅባቱ ታጥቦ፣ መስታወት የመሰለው ፊቱ በግራይንደር ከተጫረና ማያያዣ ከተቀባ ይይዛል። ከበስተጀርባው ያለው ልስን ግን የሁለት ሴራሚክ ሸክም ይሸከማል፤ በሩም መስኮቱም ጠርዙ ይወፍራል። የድንጋይ ወይም የጭቃ ቤት ውስጥ አላደርገውም።

ሲሚንቶ ወይስ ማጣበቂያ?

ግድግዳው ሲዘጋጅ ሁለተኛው የኪስ ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ሠራተኞች ሴራሚክን በሲሚንቶና በአሸዋ ይለጥፋሉ፤ ያልቀናውን ግድግዳ በወፍራም ድብልቅ እያቃኑ መሄድ ስለሚያስችላቸው ይወዱታል። ለተራው የግድግዳ ሴራሚክ ይህ የሚነቀፍ አይደለም። የሸክላ ጀርባው ከክብደቱ ከመቶ 10 እጅ በላይ ውሃ የሚጠጣ ስለሆነ በርሜል ውስጥ ተዘፍዝፎ ከተለጠፈ ሲሚንቶው ወደ ውስጡ ሥር ይሰድዳል። ፖርሴሊን ግን ከመቶ ግማሽ እጅ በላይ አይጠጣም። በሲሚንቶ የተለጠፈ ፖርሴሊን የተቀመጠ እንጂ የተጣበቀ አይደለም። ፖርሴሊን ከገዙ ማጣበቂያ መግዛት ግዴታ ነው፤ በከረጢቱ ላይ ሲ2 (C2) የሚል መለያ ያለውን ይምረጡ፤ ሲ1 (C1) ለተራው ሴራሚክ ነው። ማጣበቂያ ሲጠቀሙ ደግሞ ሴራሚኩ አይዘፈዘፍም፤ ከልማድ የተነሳ በርሜሉ ውስጥ የሚከትት ሠራተኛ ካዩ ያስቁሙት።

ማጣበቂያ የሚፈልገው የቀና ግድግዳ ነው። ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ ከሥሩ የሚታየው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ማጣበቂያ ከተመረጠ ልስኑ ላይ ብዙ መድከም ያስፈልጋል፣ ሲሚንቶ ከተመረጠ ግን ልስኑ ላይ ትንሽ ማቃለል ይቻላል፤ የሁለቱን ዋጋ ሲያወዳድሩ ከረጢቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይቁጠሩ። 12 ካሬ በካሬ አምስት ኪሎ ሲሰላ 60 ኪሎ ማጣበቂያ ይወስዳል።

አምስት ቦታ ጉብታ አድርጎ ሴራሚኩን መጫን ማጣበቂያ ይቆጥባል። ከበስተጀርባው ግን ውሃ የሚያጠራቅም ክፍት ጎተራ ይተዋል፤ ሳሙና ማስቀመጫ ለመስቀል ሲበሱትም ይሰነጠቃል። በጥርሳም ማንኪያ ግድግዳው ላይ ሙሉ ይዘረጋ፤ ከአሥር ሴራሚክ አንዱን ወዲያው አንስተው ይዩት፤ ጀርባው ከመቶ 95 እጅ ካልተሸፈነ ሠራተኛው እየቸኮለ ነው። በሙቀቱ ወራት የተዘረጋው ማጣበቂያ ከረጢቱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በጣም ቀድሞ ይቆረፍዳል፤ ጣት ሲነኩት የማይጣበቅ ከሆነ ተፍቆ ይጣል እንጂ ውሃ አይረጭበት። አንድ ሠራተኛ ይህን ስነግረው «አቦ፣ ማጣበቂያው የኔ ነው ወይስ ያንተ?» ብሎኛል። የእኔ ነበር።

የውሃ መከላከያ

ሴራሚክ ውሃ አያስገባም፤ መጋጠሚያው ያስገባል። በነጭ ሲሚንቶ የተሞላ መጋጠሚያ ደግሞ ቀስ እያለ ያስገባል። ስለዚህ በልስኑና በሴራሚኩ መካከል የሚቀባው ነገር ላይ አይቆጥቡ። ሬንጅ ለጣሪያ ጥሩ ነው፤ ሴራሚክ ግን አይዝም፤ ሲሚንቶ ከእሱ ጋር አይጣበቅምና። ሲሚንቶን በውሃ ብቻ አቅጥኖ መቀባትም ርካሽ ነው፤ ግድግዳው ፀጉር ያህል ሲንቀሳቀስ አብሮ ይሰነጠቃል። ከእነዚህ ዱቄቱና ፈሳሹ ለየብቻ ተሽጦ የሚቀላቀለው፣ ሲደርቅ የሚለጠጠው ዓይነት ይሻላል። ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ የመጀመሪያው ከላይ ወደ ታች፣ ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ። ጥጎቹ ላይ መረብ ጨርቅ ይነከራል። ሻወሩ የሚመታቸው ግድግዳዎች እስከ ሁለት ሜትር፣ ወለሉ በሙሉ፣ ሌሎቹ ግድግዳዎች ደግሞ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ከተቀባ ይበቃል። ለዚያው 1.8 በ1.5 ክፍል ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይወስዳል። ገንዘብ ካነሰ ከፖርሴሊን ወደ ተራ ሴራሚክ ይውረዱ እንጂ ይህን አይሰርዙ።

ስለ መልክ የምለው አንድ ብቻ ነው። የከተማችን ውሃ ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ጨዋማ ውሃ ነው፤ በየማንቆርቆሪያችን የምናየው ነጭ ቅርፊት ግድግዳውም ላይ ይጋገራል። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ ቤት ሲገባ በየቀኑ ጨርቅ ይጠይቃል።

እናቴ ቤት በመጨረሻ የሻወሩን ጥግ ብቻ እስከ ድንጋዩ ልጠን፣ ኖራ በገባበት ድብልቅ ለስነን፣ ወር ጠብቀን ለጠፍን። ቀሪው ግድግዳ ኖራ ተቀባ። ያልተሰበሩትን አሮጌ ሴራሚኮች አጽድተን መለስናቸው፤ ስድስቱን የሚተካ ግን በከተማው አልተገኘም፤ መጀመሪያ ስንገዛ ከመቶ አሥር እጅ ትርፍ ይያዝ የሚል ሰው አልነበረም፣ የካርቶኑን የምርት ቁጥርም አልያዝንም። አሁን ከሻወሩ ሥር አንድ ረድፍ ነጭ አለ። እናቴ ለእንግዳ «ሆን ብለን ነው፤ አዲሱ ፋሽን ነው» ትላለች።